በምሥራቅ በኩል ማን ያዋስንዎታል

ባለፈው ግንቦት የቀበሌያችን ሰው የሚውለው መሬት ቢሮው ደጅ ነበር። የድሮውን ደብተራችንን ሰብስበው በኮምፒውተር የታተመ አዲስ ሰጡን፤ ብንገልጠው የአንዱ ማሳ በሌላው ስም ሆኗል። የድሮው ደግሞ መጋዘን ውስጥ ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል።

ነገሩን ያስረዳችን የቢሮዋ ልጅ ዜማ ናት። አንድ ሠራተኛ የባለቤቶቹን ስም ብቻ ነጥሎ በፊደል ተራ ደረደረው፤ ማሳው፣ ስፋቱ፣ አዋሳኙ ባለበት ቀረ። ልጆቼ፣ ወፍጮ ቤት የቆመውን ስልቻ ሁሉ እንዳለ ትተው፣ አፉ ላይ የታሰረውን የስም ወረቀት ብቻ እየፈቱ በሌላው ላይ እንደማሰር ማለት ነው። እህሉ አለ፤ የማን እንደሆነ ጠፋ።

ዜማ መላ አገኘች። ከእያንዳንዱ ማሳ ሥር በአራቱም በኩል የሚያዋስነው ተጽፏል፤ መሬቱ ሲለካ በአፋችን ያስጻፍነው ነው። እኔ የድሮ የልኬታ ኮሚቴ ነኝና አጠገቧ አስቀምጣኝ ታነባለች፤ ይህን ማሳ በላይ በኩል ድረስ የሚባል ሰው ያዋስነዋል ካለ፣ እንግዲያው ከላይ ያለው የድረስ ነው። እንዲህ ባለቤቱን ከጎረቤቱ አፍ እየፈለግን ስንመልስ ሰነበትን። የእሷ ዓይን ቀላ፣ የእኔ ወገብ ተቆረጠ፣ ሰዉ ደጅ ላይ ጃንጥላ ሥር አንቀላፋ። ሁሉም ተገጣጥሞ አንድ ማሳ ቀረ።

አንሙት የሚባል ገበሬ የራሱ ማሳ ተመልሶለታል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከጎኑ ያለውንም በእሱ ስም እንደያዘ ነው። ያ ማሳ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ የብርጓል የምትባለው መበለት መሬት ነው። ልኬታው ሲመጣ ባሏ አበባው ሞቶ ስለነበር በስሟ ተመዘገበ። ግን እኛ ዘንድ የሴት መሬት በስሟ አይጠራም። ባልየው ሞቶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ እንኳ የአበባው መሬት ነው የምንለው። አንሙትም አዋሳኙን ሲጠየቅ አበባውን አስጻፈ። መዝገቡ ላይ ጎረቤት የሌላት ሴትና ባለቤቱ ሙት የሆነ ማሳ ተፋጠው ቀሩ።

ማሳው በላይ መንገድ፣ በታች ወንዝ፣ በምሥራቅ የጋራ ግጦሽ ነው። በሰው የሚዋሰነው በምዕራብ ብቻ ነው፤ እሱም አንሙት። ደንቡ አዋሳኝ ቀርቦ ይፈርም ይላልና የእኔ ማወቅ አይጠቅማትም። ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርስላት ባዘዘው የሚባል ሰው፣ ስሟ ካልተመለሰ በሬ እንደማያወርድ ነግሯታል። ክረምቱ ደርሷል። ሌላ መብል የላትም።

አንሙት ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። እንዲፈርም ይዤው መጣሁ። ቢሮው ጋ ስንደርስ፣

«አያ ፈንታ፣ እኔ ሰርቄ አልያዝሁትም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሰጠኝ» አለኝ።

ክንዱን ይዤ አስገባሁት።

ዜማ አስቀመጠችው። የብርጓል ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሽ አንሙት፣ በምሥራቅ በኩል ማን ያዋስንዎታል?»

ልብ በሉ፤ አበባው ቢል አልዋሸም። ዕድሜ ልኩን ሲለው የኖረው፣ ሁላችንም የምንለው ነው። ስሟን የሚመሰክር ከታጣ ማሳውም ለእሱ ይረጋል።

«አበባው…» ብሎ ጀመረ።

«አበባውማ ሞቷል» አለችው የብርጓል ከበሩ፣ በቀስታ። «መቃብሩን የቆፈርኸው አንተ አይደለህ?»

አንሙት ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ፣ በጎረቤትነታቸው ዘመን አንድ ቀን በስሟ ጠርቷት የማያውቅ ሰው፣ ወደ በሩ ሳያይ፣

«የብርጓል ናት። ጻፊው» አለ።

ዜማ ጻፈች፤ እሱም ፈረመ። እልል ለማለት አቅም ያለው ሰው አልነበረም። የብርጓል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዘረጋች። አንሙት ሲወጣ አጠገቧ ቆም አለና፣ ዝናቡ ሳይከብድ ባዘዘው ቶሎ ይረስልሽ አላት። እሺ አለችው። መንገዱን እሱ ቀድሞ፣ እሷ ወደኋላ ቀርታ፣ ወደዚያው ሰፈር ሄዱ።