ካሴት ላይ ያልወጣው ዘፈን

አጥናፉ በንፋስ መውጫ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ወደ ውዴ ሻይ ቤት ሲገባ ግን ሻይ ማዘዝ እንኳ ያቅተዋል።

«ሰማያዊ ጮራ» ባንድ ዝናው አገር ከማዳረሱ በፊት የአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። በ1969 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ግቢ አንዴ ብቻ የዘፈኑት የመጀመሪያ ዘፈናቸው ግጥሙ የአጥናፉ ነው፤ የተገጠመውም ለውዴ። ታዲያ ካሴት ላይ አልወጣ፣ በሬዲዮ አልተሰማ፣ ማን ይመነው? ውዴ ያን ቀን ስማዳ እህቴ ዘንድ ነበርኩ ትላለች፤ እሱ ብቅ ባለ ቁጥርም ለደንበኞቿ «ባለ ዘፈኑ መጣላችሁ» ትላለች።

በ1974 ባንዱ ለትርኢት ሲመጣ ውዴ ቁርጡን ነገረችው። ዘፈኑ ከተዘፈነ ወደ አባቷ ሽማግሌ ይላክ፤ ካልተዘፈነ ወሬውን ይተው፣ እሷም ለጋብቻ የጠየቃትን የወገዳ ነጋዴ እሺ ትላለች።

አጥናፉ ወደ ድምፃዊው ወደ ባዩ ሮጠ። አብሮ አደጉ ነው። ባዩ አቅፎ ሳመውና ዜማው ጣቱ ላይ እንዳለ፣ ከግጥሙ ግን አንዲት ቃል እንኳ እንደማያስታውስ አፍሮ ነገረው። መላው ቀላል ነበር፤ አዝማሪ ፊት እንደሚደረገው አጥናፉ ከተመልካቹ መሀል ተነስቶ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይስጥ፣ ባዩ ይቀበለዋል። ለባዩ ቀላል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ባዩ ጊታሩን አንስቶ ዜማውን ጀመረ። አጥናፉ ተነሳ፣ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ባዩ ዜማውን ደገመው፣ ሠለሰው። አንዱ ከኋላ፣ መምህር ምላሳቸውን ቤት ረስተው መጡ እንዴ ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጥናፉ ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፈ።

«ተቀበል» አለች ሴት ከበሩ በኩል። ውዴ ናት።

«ገብሱ ነፋስ ነክቶት ደጅሽን ተሳለመ፣
የኔው እግር ብቻ ካጥር ውጪ ቆመ።»

ባዩ ተቀበለ። ቀጣዩን ሰጠችው፣ የሚከተለውንም፤ አጥናፉ ራሱ የዘነጋት የመጨረሻዋ ስንኝ እንኳ አልቀረችም። ስማዳ ሆና ነው እንግዲህ የሰማችው።

ሲወጡ አጥናፉ ከብዙ ምጥ በኋላ፣ «ለካ... ነበርሽ» አለ።

«ነበርኩ» አለች፣ ሳታፍር። «አባቴ ዘንድ የምትልካቸው ሽማግሌዎች ግን አንተን የመሰሉ እንዳይሆኑ። እኔ ከጓዳ ወጥቼ አልናገርላቸውም።»