ውሸታሟ መብራት

በአሳየሽ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የሰባኪው ድምፅ ሳይሆን ከድንኳኑ ጀርባ የሚመጣው ሹክሹክታ ነበር።

«እኔ ከላይ ነው የሚያፈሰው እላለሁ።»

«ከላይ ከሆነ ለምን ታች ረጠበ?»

«ታዲያ ዘይት ወደ ላይ ይፈስሳል እንዴ?»

ሾፌሮቹ ናቸው። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ካሏትና ሻይ ከጠጡ በኋላ፣ አንድ በአንድ እየሾለኩ የባሏ የአንጁሎ መኪና ሥር ገብተዋል። አሮጌው የጭነት መኪና ግቢውን ሞልቶት ስለቆመ ዕድርተኞቹ ቦታ አጥተው የድንኳኑን አንድ ወገን ከመኪናው ጋር በገመድ አስረውታል። አንጁሎ ለከተማው መንገድ ኮብልስቶን ጭኖ ሲመላለስ ውሎ እዚያው አቁሞት ነበር። ሞተሩን አጠፋ፤ ከጋቢናው ግን በራሱ እግር አልወረደም። የደም ግፊት ነው ተባለ።

የባሏ ወንድም ቶማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አሳየሽ፣ አሮጌ መኪና የሚገዛው የገሱባው ሰውዬ ነገ ይመጣል። ፈታትቶ ይወስደዋል።»

«ምኑን?»

«መኪናውን ነዋ። ሞተሩ አልቆለታል። የዘይቱ ቀይ መብራት እየበራበት ነው ሲነዳው የከረመው። ዘይት የማይደርሰው ሞተር ምን ይተርፈዋል?»

አሳየሽ ወደ መኪናው ዞራ አየች። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ መኪና ነው። ያቺን ቀይ መብራት ደግሞ በደንብ ታውቃታለች። ስትበራ ሌላው ሾፌር ሁሉ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጠፋል። አንጁሎ ግን ጥቁር ፕላስተር ለጥፎባት መንገዱን ቀጠለ። «ውሸታም ናት» አላት። «ሞተሩን በጆሮዬ እየሰማሁት? የዘይት ግፊቱ ደህና ነው። ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ነው የተበላሸው።»

አንድ ቀን ራሱን ሲያዞረው እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ነርሷ ክንዱን አስራ ለካችው፤ ደነገጠችና እንደገና ለካችው።

«ጋሼ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።»

አንጁሎ ሳቀ። «የእኔ መኪና መብራት ግፊት የለም ትላለች፤ ያንቺዋ ደግሞ በዛ ትላለች። ሴንሰሩን አስቀይሪው የኔ እህት።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አንድም ቀን አልዋጠም። አሁን ለቀስተኛው ሲያለቅስ የአሳየሽ ዓይን የደረቀው ለዚህ ነው። ተናዳለች። ሴቶቹ እያዩዋት እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ።

ብድግ ብላ ከድንኳኑ ጀርባ ዞረች። መካኒኩ አሮን ኮምፒውተሩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ አጎንብሷል። አጠገቡ የአንጁሎ የልብ ወዳጅ፣ መለዋወጫ ሻጩ ቸሩ ቆሟል።

«እውነቱን ንገሩኝ» አለች። «ሞቷል?»

ሾፌሮቹ ተያዩ። ቸሩ በርኅራኄ ክንዷን ያዘ።

«እህቴ… ቀብረነው መጣን እኮ።»

«ሞተሩን ነው የምላችሁ!»

«አሃ!» ቸሩ ተነፈሰ። «ሞተሩማ ገና አልተወሰነም። ኮምፒውተሩ ያወጣው የብልሽት ኮድ የዘይት ግፊት ሴንሰር ይላል። አንጁሎ እንዳለው ማለት ነው።»

«ቆይ ጋሽ ቸሩ» አለ አሮን። «ኮዱ የሚለው በዚያ በኩል ችግር አለ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ግፊቱም የእውነት ወርዶ ይሆናል። ፈትተን እንየው።»

የሴንሰሩን ሽቦ ነቀለ። ሶኬቱ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት እጁ ላይ ፈሰሰ። ሴንሰሩን ፈትቶ ወደ ብርሃን ሲያዞረው መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል።

«ዘይቱም ከዚህ ነው የሚያፈሰው! ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ያበሰበሰው ይሄ ነው። አሁን በቦታው የእጅ መለኪያ ላስርና ሞተሩን ላስነሳው። መርፌው ከፍ ካለ ጤነኛ ነው፤ ካላለ ግን ቶማ ልክ ነው ማለት ነው።» ወደ ድንኳኑ አየት አደረገ። «ግን ስብከት ላይ ናቸው…»

«አስነሳው» አለች አሳየሽ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰባኪው በስብከቱ ከአልዓዛር መቃብር ደጃፍ ደርሶ ነበር። እጁን ዘርግቶ፣ «አልዓዛር ሆይ፣ ወደ ውጭ ና!» ብሎ ሲጮኽ ድንኳኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸራው ተርገበገበ፤ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ከጀርባ ሾፌሮቹ በአንድ ድምፅ፣ «ተነሳ! ተነሳ!» አሉ።

ከገሱባ የመጡት የአንጁሎ አክስት እማማ ጥሩነሽ ከወንበራቸው ዘለው ቆሙ።

«ማነው የተነሳው? አንጁሎ ነው?»

«መኪናው ነው እማማ፣ ይቀመጡ።»

«መኪናውም ሞቶ ነበር እንዴ?»

ሰባኪው የዘረጋውን እጅ ምን እንደሚያደርግበት ጨነቀው። «አሜን» አለና አወረደው።

ከውጭ አሮን መለኪያውን እያየ ነበር። መርፌው ወጣ፣ ወጣና ጸንቶ ቆመ። ቶማም ሮጦ ደርሷል።

«ሙሉ ግፊት!» አለ አሮን። «የሚያፈሰውም ቆሟል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ስትዋሽ የነበረችው መብራቷ ናት።»

አሳየሽ ሳቋ አመለጣት። «እውነቱን ነበር» አለች። «ይሄ ግትር ሰው! ስለ መኪናው እውነቱን ነበር!» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስለ መኪናው ብቻ…» እንባዋ ያኔ መጣ። ሴቶቹ ተንጋግተው ወጥተው ደገፏት።

ሲቀልላት ወደ ቶማ ዞረች።

«ያንን ሰውዬ አትምጣ በለው። መኪናው አይፈታም። ቸሩ ደህና ሾፌር ይፈልግልኛል።»

ቶማ አንገቱን ነቀነቀ። «እሺ። እኔም አላወቅኩም ነበር።»

ቸሩ ከሱቁ አዲስ ሴንሰር አመጣ፤ አሮንም ገጠመው። ገመዱ ተፈታና አሮን መኪናውን አውጥቶ አጥር ሥር አቆመው፤ ቁልፉንም በሁለት እጁ ሰጣት። ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ አሳየሽ ወደ ኋላ ቀረችና ጋቢናው ላይ ወጣች። አሮን አጭር ነው፤ እግሩ ፍሬን እንዲደርስለት ወንበሩን መሪው ሥር ድረስ አስጠግቶታል። ከሥሩ ያለውን ማንሻ በእጇ ፈልጋ አገኘችው። የአንጁሎ ረጃጅም እግሮች ይዘረጉበት እስከነበረው ቦታ ድረስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው፤ ወረደችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።