እንደሻው አረቄ ሲተው ሳጉሬ ያሰበችው

ባሌ እንደሻው እህል ነጋዴ ነው። ተሸካሚ ቀጥሮ ሲያበቃ "እንዲህ አይደለም የሚነሳው!" ብሎ ኩንታሉን ራሱ የሚያነሳ ዓይነት ነጋዴ። ስለዚህ ብሽሽቱ ላይ ቡአ ሲወጣበት አልገረመኝም። የገረመኝ፣ አሰላ ድረስ ወስጄው፣ የኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦለት፣ "ፍርሃቴን ላባርር" ብሎ አረቄውን ግጥም አድርጎ መቅረቡ ነው። ሐኪሙ አሸተተውና መለሰው። ከአሰላ እስከ ሳጉሬ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሳምንቱ እብጠቱ ወጥቶ አልመለስም አለ። እንደሻው ከሰዓቱን ሙሉ አልጋ ላይ ሲንፈራገጥ ዋለ። በመጨረሻ በራሱ ጊዜ ገባ እንጂ፣ እኔ ለለቅሶው የምለብሰውን ሁሉ በሐሳቤ አውጥቼ ነበር። ፈርቼ ነበር። እንዲህ የሚያናድደኝ ሰው ከሞተ ማን ላይ ልናደድ ነው?

አሰላ ሆስፒታል ተመልሰን ስንሄድ ሲስተር ቤርሳቤህ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። አልተቆጣችውም፤ እኔ እንድትቆጣው ነበር የፈለግኩት።

"በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ፣ አባቴ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ስንት መለኪያ ናት?"

"በመለኪያ አስቤው አላውቅም" አለ እንደሻው፣ ኮራ ብሎ። "እኛ በጠርሙስ ነው።"

ሲስተር ሳትስቅ አስረዳችው። የሚጠጣ ሰው ሲቀደድ ደሙ አልቆም ይላል፣ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ከማደንዘዣውም ጋር አይስማማም። በአንዴ ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል፣ እሷ እየተከታተለችው ቀስ በቀስ እንዲቀንስ፣ አዲሱ ቀጠሮ ሲቃረብ ግን ጨርሶ እንዳይቀምስ ነገረችው።

"ማታ ማታ ደግሞ አረቄ የሌለበት ቦታ ያምሹ።"

"ሳጉሬ ውስጥ?" አለ እንደሻው፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ተገኘ። የጎረቤታችን የሐቢብ ሱቅ። ሐቢብ የስልጤ ልጅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከለስላሳ የበረታ መጠጥ የለም። እንደሻው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ከዚያም ጨርሶ ትቶ፣ ማታ ማታ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ማምሸት ጀመረ። ሐቢብ ለሶላት ሲሄድ ሱቁን ይጠብቃል። ብርዱ ሲበረታበት ሐቢብ ከመደርደሪያው ነጭ ቆብ አውርዶ አጠለቀለት። አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ መስጊዱ በር ድረስ ሄደ፣ ሐቢብ እንዳይበሰብስ ብሎ።

እኔ ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ነቃ! "ይህ ቁም ሳጥን መቼ ነው የተገዛው?" ይለኛል፣ ራሱ ተሸክሞ ያስገባውን። ወጡ ጨው በዛው፣ በሩ ይጮሃል፣ ድመቷ ለምን ሁለት ሆነች። ሰክሮ ሲገባ ቢያንስ ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። አንዳንዴ ራሴ ሄጄ አረቄ ልገዛለት ሁሉ አስቤያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሳጉሬ ግን የራሷን ሒሳብ ሠርታ ጨርሳለች። አረቄ ትቷል፣ ቆብ አጥልቋል፣ መስጊድ በር ላይ ታይቷል። በቃ፣ እንደሻው ሰልሟል! እውነቱን ተናግሬ እንዳልገላገል፣ ስለ ብሽሽቱ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል። ገበያ ላይ አንዷ "አዲሱ ስሙ ማን ተባለ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እንዳሻሽ ጥሪው!" ብያት አለፍኩ።

ሰኞ ኦፕራሲዮን ሊሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎች መጡ። የመጠጥ ጓደኛው ዘርትሁን ከነዱላው፣ ከኋላው ደግሞ አረቄ ሻጯ አልጣሽ። አልጣሽ ለሽምግልና ስትቆም ያን ቀን አየሁ። ተቀመጡ ብንላቸው "ካልሆነልን አንቀመጥም" አሉ።

"እንደሻው" አለ ዘርትሁን፣ "አብረን ያደግን ነን፤ ወሬውን እኔ አላምንም። ግን ከተማው አፉን እንዲዘጋ..." ከጋቢው ስር ጠርሙስና መለኪያ አወጣ። "አንዲት ብቻ። እፊታችን ጠጣና ክርስቲያን መሆንህን አረጋግጥ።"

"ዳግም አረቄ ናት፣ ጋሽ እንደሻው" አለች አልጣሽ። "ለነፍስዎ ብዬ ራሴ ያወጣኋት።"

መለኪያው ሲሞላ ቤቱ በአረቄ ሽታ ታወደ። የእንደሻው አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። እጁ ሄደ፣ መለኪያውን ያዘ።

"ይህን ከጠጣሁ ሰኞ ይመልሱኛል" አለ ቀስ ብሎ።

"እነማን?"

"ሐኪሞቹ።" መለኪያውን አስቀመጠና አልጣሽ ፊቷን እስክታዞር እንኳ ሳይጠብቅ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ቡአውን አሳያቸው። አልጣሽ "በስመ አብ!" ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። "ይህ አንድ ቀን ወጥቶ ከቀረ እሞታለሁ። ስሞት እናንተው ተሸክማችሁ ቤተ ክርስቲያን ትቀብሩኛላችሁ፤ ያኔ ክርስቲያን መሆኔን ከተማው ያረጋግጣል። ምረጡ። ልጠጣ?"

ዘርትሁን ጠርሙሱን ወደ ጋቢው መለሰ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰውዬ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

"ብትሰልም ባትሰልም ለእኔ ምኔ ነው" አለ። "ብቻዬን መጠጣት አስጠልቶኝ ነው የመጣሁት።"

መለኪያውን ማን እንደጨለጠው አላየሁም። አልጣሽ ስትወጣ ግን ባዶ ነበር።

ሰኞ ዘርትሁን አብሮን አሰላ ሄደ፤ ሐቢብም ሱቁን ዘግቶ መጣ። እንደሻው በገዛ እግሩ ገባ። ከቀትር በኋላ "በሰላም ወጥቷል" ሲሉኝ ከደስታዬ ብዛት ሐቢብ አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ሳጉሬ ይህንንም እንዳሻት ትተርጉመው።

ዘርትሁን ግን ሲስተር ቤርሳቤህን ኮሪደሩ ጥግ ይዟት ያንሾካሹክ ነበር።

"ሲስተር፣ እኔንም አንድ ቦታ ቅደዱኝ።"

"ምንዎን ያምዎታል?"

"ምንም። ግን እሱ የቻለው ቀን ስለተቆረጠለት ነው። እኔ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያለ ቀጠሮ አልሆንልኝ አለ።"

ሲስተር ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። የክፍሏን በር ከፈተችለት።

"ለዚህ መቀደድ አያስፈልግም" አለችው። "ይግቡ። ቀጠሮውን እኔ እሰጥዎታለሁ።"

ዘርትሁን ጋቢውን ሰብስቦ ገባ።