ሠላሳኛው ቀን

እና አጨበጨቡላት፣ የሚያስጠላት እሱ ነው፣ ሁለት መቶ የሚሆን የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት፣ ሮዳስ በጊዜ አጠቃቀም ከአምስተኛ ዓመቶቹ ሁሉ ምሳሌ ናት ተባለላት፣ ሰርተፊኬትም ሰጧት፣ አሁን ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ መንገድ ተዘግቶበት በተገተረ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች፣ ስሟ በወርቃማ ቀለም፣ ጣት ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ እጇን በሱሪዋ ትጠርጋለች። ታይም ማኔጅመንት። ሥራችሁን በቀለም ለዩት አለቻቸው፣ ቀይ አስቸኳይ፣ ቢጫ አስፈላጊ፣ አረንጓዴ የሚቆይ፣ እንዴት አፏ አልተያዘም፣ የእትዬ ትብለጽን ይግባኝ አረንጓዴ የቀባችው ራሷ አይደለች እንዴ።

ሠላሳ ቀን ነበራቸው። አሥራ ሰባት ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሲወለውሉ ኖረው ወገባቸው ሲያዝ የተባረሩ ሴት፣ ጠበቃ መያዝ የማይችሉ፣ ተማሪዎች በነጻ ወደሚያግዙበት የዩኒቨርሲቲው ቢሮ መጥተው ለእሷ ደረሱ፣ የሥር ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፣ ይግባኝ እንላለን እትዬ፣ አለቻቸው፣ ሠላሳ ቀን ብዙ ነው። በሃያ ሁለተኛው ቀን ጽፋ ጨርሳዋለች፣ አትማ መዝገብ ቤት ማስገባት ብቻ ቀርቷታል፣ ግን የተማሪዎች የክርክር ውድድር መጣ፣ የውሸት ችሎት፣ የውሸት ዳኛ፣ የውሸት ደንበኛ፣ ለውሸቱ ሳምንት ሙሉ ተለማመደች፣ የእውነቱን ስልኳ የቀን መቁጠሪያ ላይ በጣቷ ጎተት እያደረገች ከሐሙስ ወደ ዓርብ፣ ከዓርብ ወደ ሰኞ። ሰኞ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀኑን በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጥሮ ወረቀቱን መለሰላት፣ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር፣ አለ፣ ቀና ብሎም አላያት።

በረከት ደግሞ፣ በቢሮው አብሯት የሚሠራው የክፍሏ ልጅ፣ አትጨናነቂ ባክሽ፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም በያቸውና ዝጊው፣ በምን ያውቃሉ፣ አላት ትናንት በርገሩን እየገመጠ፣ ማዮኔዙ በከንፈሩ ጥግ፣ ከማዮኔዙ በላይ ያስጠላት ግን ሐሳቡ ከሱ ቀድሞ እሷ ዘንድ መገኘቱ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳምራ ጨርሳዋለች፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፣ ውሸት እንኳ አይባልም፣ ጥርት ያለ የሕግ አማርኛ፣ ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማረችው። ጊዜው ስላለፈ ይፈቀድልን ብትልስ? የወኪል ቸልተኝነት በቂ ምክንያት አይሆንም፣ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘችበት መልስ።

ጉርድ ሾላ። ወራጅ አለ።

እትዬ ትብለጽ ቀድመው ደርሰው የተቀጣጠሩበት ፋርማሲ ደጃፍ ቆመዋል፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው፣ አንድ ቀን እንኳ አርፍደውባት አያውቁም። እትዬ፣ ትላለች፣ ፍርድ ቤቱ፣ እዚያ ላይ ምላሷ ይሻክራል፣ የገዛ አፏ ይከረፋታል። ፍርድ ቤቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ቀኑን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ነገር ሳስቀድም ወረቀቱን ሳላስገባው ቀረሁ፣ ከእንግዲህ አይቀበሉንም።

በስንት ቀን አለፈ፣ ይላሉ እትዬ ትብለጽ። በሦስት ቀን። ሦስት፣ ይላሉ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። ሮዳስ ስድብ ትጠብቃለች፣ ቢሰድቧት ትገላገላለች፣ መገላገል ፈልጋ ነው ለካ የተናገረችው፣ እሱም ያስጠላል።

የሌላ ሰው ጉዳይስ ይዘሻል፣ ጓለይ፣ ልጄ?

ይዣለሁ። አራት ሰው።

የእነሱ ቀን መቼ ነው?

ሮዳስ አታውቀውም። ቀለማቸውን ታውቃለች፣ ቀናቸውን አታውቅም። የፋርማሲው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ እትዬ ትብለጽ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው አጠገቧ ይቀመጣሉ።

የሰዎቹን ቀን አንድ በአንድ ጥሪልኝ፣ ይላሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ።