የሃዎ በርሜል ፎቶ

ሙኒያ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ባለሙያ ናት። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት በገባበት መስከረም፣ ሳምቡሳ ጠብሳ በምትሸጠው በሃዎ ግቢ ክዳን የሌለው በርሜል አገኘች። በባትሪ ስታበራበት የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። ለማስተማሪያ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይ ነገር አግኝታ አታውቅም ነበርና በስልኳ አነሳችው፤ ‹‹ንጽህና የጎደለው ቤት በሽታ ይጠራል›› ብላም በሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ሃዎ ከበርሜሉ ጀርባ ቆማ ፊቷ በደንብ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ሃዎ ድልድዩ አጠገብ የዘረጋችውን ሳምቡሳ እንዳለ ይዛው ተመለሰች። የሚገዛት ጠፋ። በሳምንቱ ሙኒያ ስትመጣ የሃዎ በር አልተከፈተላትም፤ የጎረቤቶቿም እንዲሁ። ከጎን ያለችው የሺአረግ ብቻ በመስኮት ብቅ ብላ ‹‹ዛሬ ደግሞ የማንን ፊት ልትለጥፊ ነው?›› አለቻት።

የሙኒያ አለቃ ገብረወልድ ነገሩን ሲሰማ ‹‹ፎቶው እኮ ውሸት አይደለም። ይረሱታል፣ ተይው›› አላት። ሙኒያ ግን መተው አቃታት። ፎቶው እውነት ይሁን፤ ጽሑፉስ? ይህቺ ትንኝ የምትራባው በንጹህ ውሃ እንደሆነ በሥልጠና ተምራለች። ሃዎን ያዋረደችው በውሸት ነው።

ተመልሳ ሄዳ አንኳኳች።

‹‹ኤዶ ሃዎ›› አለች፣ በሶማሊኛ እንደ አክስት እየጠራቻት፣ ‹‹ለቁጥጥር አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።››

በሩ ገርበብ አለ። ‹‹ትል አለበት ብትይኝ ውሃውን እዚያው እደፋው ነበር አቦ! ፊቴን ለምን ፈለግሽው?››

‹‹ሳልጠይቅሽ አነሳሁሽ። የጻፍኩትም ስህተት ነው።››

‹‹ታዲያ ለኔ ብቻ ትነግሪኛለሽ? ስድቡን የሰማው ሰፈሩ ነው።››

ሙኒያ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ ፎቶውን አጠፋችው። ከዚያ በአማርኛ ጻፈች፤ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ደግሞ ድምጿን ቀድታ ወደዚያው ቴሌግራም ላከች፦ ‹‹ሃዎን ያለ ፈቃዷ አንስቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቤቷ ንጹህ ነው። ቧንቧ በስምንት ቀን አንዴ ስለሚመጣ ሁላችንም ውሃ እናጠራቅማለን፤ ትንኟም ንጹህ ውሃ ትወዳለች። ክዳን ያስፈልገናል፤ የኔም ቤት በርሜል ክዳን አልነበረውም።›› ሃዎ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ደወለ። ሃዎ ናት። ‹‹የሺአረግ ትኩሳቱ አጥንቷ ድረስ ገብቷል ትላለች። ላንቺ መደወል አፍራ ነው። ቶሎ ነይ።››

የሺአረግ በጊዜ ጤና ጣቢያ ደርሳ ዳነች። እሷ እስኪሻላት ድረስ የመንገዱ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ በርሜሎቹም ክዳን ወይም የታሰረ ጨርቅ አገኙ።

ቀጣዩ የጤና ማስታወቂያ ከመታተሙ በፊት ሙኒያ የሶማሊኛውን ረቂቅ ለሃዎ አነበበችላት። ሃዎ እጇን እያደራረቀች ሁለቴ አስነበበቻት።

‹‹ሶማሊኛው የመጽሐፍ ነው›› አለች። ‹‹እኛ እንዲህ አንልም። ቁጭ በይና ጻፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ።››