ትናንት እዚህ ያደረ

«ወረታ የተዳረች ልጅማ እዚህ አትቆጠርም!» አለች ሂክማ፤ የጻፈችውን ስም ሰረዘችው።

አያ ረመዳን የተሰነጠቀ መቅዘፊያቸውን በገመድ እየጠፈሩ ቀና አሉ። «ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«ልጅዎማ ናት። ግን ትናንት እዚህ ያደረ ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«ጉድ እኮ ነው! የኢስሀቅ ልጅ በእርሳስ ልትገርፈን ነው» ብለው ሳቁ።

ሐይቁ ዳር ያለው መንደር ጤና ኬላ ሊጠይቅ ነው። ቁጥሩ ከፍ እንዲል ሰው ሁሉ ሩቅ ያለ ልጁንም ይጨምራል። ቆጣሪዋ ሂክማ ደግሞ ግትር ናት፤ አንድ ውሸት ከተገኘ ማመልከቻው እንዳለ ይጣላል ብላ ታምናለች። ለዚህም ነው ማለዳ ባሕር ዳር ሄዳ ከአዲሱ ጋር ልታመሳክር የድሮውን ቆጠራ ያስፈተሸችው። የስታቲስቲክስ ሠራተኛው አስማማው ወፍራም መጽሐፍ ገልጦ በጣቱ ወረደ።

«1999 ዓ.ም.። ቀበሌያችሁ፣ ወንድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት።»

«ስማቸውስ?»

«ስም አይወጣም እህቴ፤ ምስጢር ነው።»

ለምን እንደጠየቀች ለራሷም ገርሟት ነበር። አባቷ ኢስሀቅ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ታንኳው መቅዘፊያውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። እሷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። ጎረቤቱ በየዓመቱ የሙት ሶላት እንስገድለት ሲል እናቷ ዘይነት፣ «ሳላየው አልቀብረውም» ትላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠበቀች። ሂክማ እናቷን አንድ ቀን እንኳ እፎይ ስትል ብታያት ሌላ አትፈልግም።

መጨረሻ የቀረው የራሳቸው ቤት ነው። ዘይነት ደጃፍ ተቀምጣ ለታንኳ የሚሆን ደንገል ታስራለች። ከበላይዋ የባሏ መቅዘፊያ እንደተሰቀለ ነው፤ በየክረምቱ ቅባት ስለሚቀባ አዲስ ይመስላል። ነፋስ የለም። ጣና ጭጋግ ለብሶ ውሃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም።

«የድሮውን አገኘሽው?» አለች ዘይነት።

«አዎ። ወንዱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ነበር።»

ዘይነት ፈገግ አለች። «አባትሽም አለበት።»

«እንዴት ሆኖ? ቆጠራው እኮ ግንቦት ነው! አባዬ በመጋቢት...»

«ቆጣሪው ባልሽስ አለኝ። ሐይቅ ላይ ነው፣ ማታ ይመጣል አልሁት። ጻፈው።»

ሂክማ መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አባቷ ተደብቆ እንደኖረ ስታስብ ደስ አላት፤ በደስታዋም አፈረች። ወረቀቱ ላይ ዘይነት፣ ሂክማ ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። መንደሩን ሁሉ ስትቆጣ የዋለችው ልጅ እናቷን ሳትጠይቅ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች።

«ጠይቂኝ እንጂ» አለች እናቷ።

«ምን ብዬ?»

«ሰዉን ሁሉ የጠየቅሽውን።»

«እማ... ትናንት እዚህ ማን አደረ?»

ዘይነት ወደ ጭጋጉ አየች። ደንገሉ ከእጇ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ትናንት በሕልሜ መጥቶ ነበር። እግሩ ርጥብ ነው። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ አልሁት። ለመንሁት ወላሂ። ፈገግ ብቻ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ። አላደረም፣ ልጄ።» እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

ሂክማ ጻፈች። ዘይነት ተነሥታ መቅዘፊያውን ከግድግዳው አወረደች፤ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው።

«በይ፣ ይህን ለአያ ረመዳን ስጫቸው። የሳቸው ተሰንጥቋል» አለች። «ደግሞ ጁምዓ ዕለት ሶላቱን ይስገዱለት በያቸው።»