እደግ ተመንደግ

የብርጓልን፣ ዶክተር ማኅሌት የሕፃን ልጇን የምናሴን የደም ውጤት ከነገረቻት ቀን ወዲህ፣ የሰው አፍ ይቀፋታል።

«ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ እንደ ጆሮ የሚያገለግል ፕሮቲን አለ። ‹እደጉ› የሚለው መልእክት የሚደርሳቸው በእሱ ነው። የምናሴ ግን አሠራሩ ትንሽ ስለተለየ መልእክቱን አይቀበልም፤ ሕዋሳቱ ጨቅላ ሆነው ቀርተዋል፣ በሽታ አይዋጉም። ህንድ ሄዶ የአባቱን መቅኔ እስኪወስድ የማንም ምራቅ እንዳይነካው። በጡት ወተትም ተህዋስ ይተላለፋልና ጡትሽን ተይው፤ ጡጦ ቀቅለሽ ስጪው።»

የመጀመሪያ ልጇን በአምስት ወሩ የቀበረች እናት ሁለተኛ አይነገራትም። ባጃጅ ውስጥ የሚያስለው፣ አፍንጫውን በእጁ ጠርጎ «እስቲ ልቀፈው» የሚለው ዘመድ፣ ልጅ አገላብጣ የምትስመው ጎረቤት፣ ሁሉም ያስጸይፋት ጀመር። ከሐይቁ ዳር የሚመጣው የበሰበሰ የእምቦጭ አረም ሽታ እንኳ ከሰው ትንፋሽ ተሻላት። ለካ ሰው ልብ ብለው ሲያዩት ምራቅና ንፍጥ የሚያዝረከርክ ፍጥረት ነው!

ቅዳሜ የባሏ አባት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከዘጌ በጀልባ መጡ። ገና ከመግባታቸው የምናሴ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «እደግ፣ ተመንደግ፣ እንትፍ—»

የብርጓል እጇን ጣልቃ አስገባች። ምራቃቸው መዳፏ ላይ አረፈ፤ ሞቅ ያለ ነበር።

«አባባ፣ አይትፉበት! ምራቅዎ ይገድልብኛል!»

«የእኔ ምራቅ?» አሉ መሪጌታ፣ ስንቱን ሙሽራና ሕፃን የመረቁበትን አፋቸውን በጣታቸው ነክተው። «አባቱንስ በዚሁ መርቄ አይደል ያሳደግሁት?»

«ይውጡልኝ!»

መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። እሷ እጇን በሳሙና ፈተገች፣ ደግማ ፈተገች፤ ምራቁ ግን አሁንም ያለ መሰላት።

ምናሴ አለቀሰ። ጡጦውን ቀቅላ ወተቱን በጠበጠችና በመስኮቱ አየች። መሪጌታ አልሄዱም። የግቢው በር ዘንድ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ ይመርቃሉ።

«አሁን ገና ገባቸው» አለች በንቀት። ወተቱ እንዳያቃጥለው እንደ ሁልጊዜው የጡጦውን ጫፍ ጠባ አደረገችና ለልጇ አጎረሰችው።

ልጁ በጉጉት ይስብ ጀመር። የወተቱ ጣዕም እሷም ምላስ ላይ ነበር።

ጡጦውን ከአፉ መነጨቀችው። እንደ ሁልጊዜው! ከሰው አፍ ሁሉ ስትሸሽ የራሷን አፍ ረስታዋለች። የሽማግሌውን ምራቅ ከተጸየፈችው በላይ ራሷን ተጸየፈች።

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጠምጥማ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«አባባ! ይምጡ፣ የእኔም አፍ ነክቶታል፤ እኔንም ያስወጡኝ!»